ከበርገሩ ጀርባ ያለው ቆጮ ቤት

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴው ስሙት። ዲላ ላይ በርገር ቤት ከፍቼ ነበር። በርገር ቤት መክፈት ሞኝነት አይደለም፤ ሌሎች ከፍተው ሠርቶላቸዋል። ሞኝነቱ የኔ በርገር ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጎን ባለችው ክፍል፣ በር የሚያህል ሸራ ላይ የልጅ ጭንቅላት የሚያህል በርገር አሳተምኩ። ሸራውን አይቶ የገባ ተማሪ ሳህኑ ሲቀርብለት «የቀረው እየመጣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዳቦው የዛሬ፣ ሥጋው የትናንት፣ ሰላጣው እግዜር ያውቃል። ውሎ አድሮ ታማኝ ደንበኛ ሆኖ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ሆዴን ያየ ሰው ሥራው የደራልኝ እየመሰለው «እንኳን ደስ ያለህ» ይለኝ ነበር።

ቤቱን በዘጋሁ ሰሞን ዋርሳዬ መጣች። የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ የከረመች፣ ምላሷ የማይዘገይ።

«ጋሼ፣ ያቺን ክፍል አከራየኝ።»

«ምን ልትሠሪባት?»

«ቆጮ ልሸጥባት።»

ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። «አንቺ ልጅ፣ ጌዴኦ አገር ቆጮ? እንሰት ጓሮው ለቆመለት ሰው ቆጮ መሸጥ እኮ ዝናብ ላይ ውኃ መርጨት ነው።»

«አንተ ጓሮ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ቆጮ የት ነው የምትበላው?»

«እናትሽ ጋ ነዋ።»

«እሱን ለመብላት ስንት ሰበብ ትፈጥራለህ? ባለፈው እኮ ለማታውቀው ሰው ለቅሶ ደርሰሃል።»

እውነቷን ነው። አማቴ ያሉት ወርቃ ነው፣ ከገደብ ወዲያ። እዚያ ሰፈር ሰው አረፈ ከተባለ ከዘመዶቹ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። ለሟቹም አዝናለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን ከለቅሶው መልስ አማቴ ጋ ጎራ ማለት አለ።

ዋርሳዬ ያየችው ይሄንን ነው። ከተማው ውስጥ ጓሮ የሌለው ሰው እየበዛ ነው። አንድ ክፍል የተከራየው አስተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ከጉራጌና ከሲዳማ መጥቶ ዶርም የሚያድረው ተማሪ፣ ወደ ሞያሌ የሚያልፈው ሾፌር፤ ሁሉም ቆጮ በልቶ ያደገ ነው፣ የሚያዘጋጅለት ግን የለም። እኔ እዚሁ መንገድ ላይ ስንት ዘመን ተቀምጬ ያየሁት የሚያልፈውን ሰው ጫማ ነበር።

ክፍሉን ሰጠኋት። ሸራዬንም አልጣለችውም። ገለበጠችውና በነጩ ጀርባ ላይ በቀለም «ቆጮ አለ» ብላ ጽፋ መልሳ ሰቀለችው። ነፋስ ሲነሳ ሸራው ይገለብና በርገሩ ብቅ ይላል። ተማሪዎቹ «በርገር ጋ እንገናኝ» ይባባሉና መጥተው ቆጮ በጎመን ይበላሉ። በርገሬ በሕይወት ዘመኑ ያላገኘውን ዝና ከሞተ በኋላ አገኘ።

መጀመሪያ ላይ ሥራዋ ሁሉ መጠየቅ ይመስል ነበር። የሚበላው ሰው አጠገብ ኩርሲ ስባ ትቀመጥና «እናትህ እንዴት ነው የምታደርገው?» ትለዋለች። አንዱ «የኛ ሳሳ ይላል፣ ደረቅ ነው» ይላል። ሌላዋ «የኛ ወፈር ብሎ ለስለስ ይላል» ትላለች። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ እናቱ የምትሠራውን ማስረዳት ጀምሮ መሀል ላይ ናፍቆት ይዞት አቀረቀረ፤ ውኃ አቀረበችለት፣ እስኪጨርስ አላጣደፈችውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ልክ እንዳለው ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው ጎትቶ ነው። እኔ በርገር ቤቴ ውስጥ ሰው ስጠይቅ የጠየቅሁት «ሂሳብ ላምጣ?» ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እሷ ጴንጤ ናት፣ ጾም አታውቅም። ረቡዕና አርብ ግን የጎመኑ ድስት ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ ነው። አንድ አርብ እኔ፣ የክርስትና ስም ያለኝ ሰውዬ፣ ዘንግቼ «አይብ ጣል አድርጊበት» ብላት «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። ጾሜን የምትጠብቅልኝ ጴንጤ ዋርሳ ያለችኝ ሰው ነኝ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን «አልቋል» ማለት አለመፍራቷ ነው። ጥሩው ቆጮ ካለቀ አለቀ። ሰው በር ላይ ቢሰለፍ አትቀጥልበትም፣ አታሳሳውም፣ የትናንት አትቀላቅልበትም። «አልቋል፣ ነገ በጊዜ ኑ» ትላለች። እኔ ስበሳጭ ሰዉ በነጋታው በጊዜ ይመጣል።

እንዲህ እያለች ከሐዋሳ የመጣ አንድ የክትፎ ቤት ባለቤት ለምሳ ገባ። በላ፣ ደገመ፣ እጁን ሳይታጠብ «በየሳምንቱ ልታቀርቢልኝ ትችያለሽ?» አላት። ይሄ ለሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ወርቃ ላይ እንሰቱን የሚፍቁት እናቷና የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ቡና ሲደርስ ለሁሉም ሥራ አለ፤ ቡናው ካለፈ በኋላ ግን እጅ ይታጠፋል። የክትፎ ቤቱ ትእዛዝ ከያዘ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይኖራቸዋል። ካልያዘ ደግሞ ዋርሳዬ ራሷ ወንድሟ አዲስ አበባ ያገኘላት የቢሮ ሥራ ልትገባ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር የተስማማችው እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ተስማሙ፤ ወርቃ ላይ ቆጮው ተቀብሮ ከሚብላላባቸው ሦስት ጉድጓዶች የመጀመሪያው ሲደርስ ለሰውዬው የመጀመሪያው ጭነት ሊሄድ።

ሰውዬው ለቡና ጉዳይ ወደ ወርቃ ማለፉ ነበርና «እግረ መንገዴን ጉድጓዱን ባየው» አለ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁ።

ዋርሳዬ ከምድጃው ሳትዞር «ከአጥሩ ወዲህ ሆነህ አሳየው» አለችኝ።

ይሄን ያለችው በምክንያት ነው። እንሰት የሴት ሥራ ነው። ወንድ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ ከተፋቀ በኋላ ግን ጉድጓዱ ጋ አይጠጋም። ይሄን የወርቃ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ፣ እንግዳ ፊት ዝም ማለት ሌላ።

ስንደርስ ሴቶቹ ገደብ ገበያ ወጥተዋል፣ ግቢው ባዶ ነው። «ና፣ ና፣ ግባ» አልኩት። ድንጋዮቹን አነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ የኮባውን ቅጠል በየተራ ገለጥኩ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ «አሽትተው፣ ይሄ ነው እንግዲህ» እያልኩ ንግግር አደረግሁ። ስለ መብላላት፣ ስለ ጥራት፣ ስለ ወደፊቱ ገበያ። ሰውዬው ወደ ኋላ እየሸሸ «ይበቃኛል ጋሼ፣ ይከደን» ይለኛል። ከደንኩት፤ ቅጠሉን እንደ ብርድ ልብስ ወረወርኩበት፣ ድንጋዩን መለስኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሳንገባ ዝናቡ ጀመረ።

በመንገድ ላይ የማንበቢያ መነጽሬን አጣሁት። ኪሴን ፈተሽኩ፣ ወንበሩን ፈተሽኩ፣ የለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፎቶ ኮፒ ቤቴ የመጡ ተማሪዎችን ሁሉ በዓይነ ቁራኛ አየሁ። አንዱን ልጅማ «መነጽር የሚያደርግ አያት አለህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

የጉድጓዱ ቀን ደረሰ። እኔ፣ ባለቤቴና ዋርሳዬ ጭነቱን ልናመጣ ወርቃ ሄድን። እኔ እንደ ጨዋ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ሴቶቹ ድንጋዩን አነሱ፣ ቅጠሉን ገለጡ፣ ሽታው መጣ። የደረሰ ቆጮ ይሸታል፣ ግን የሚያስርብ ሽታ ነው። ይሄኛው እኔን ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰኝ። ውኃ ገብቶበታል፤ ላዩ ጠቁሯል።

አማቴ የቅጠሉን አቀማመጥ አዩ። እሳቸው አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ የኔ ጌዴኦኛ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀላቀላል፣ ስለዚህ እንግባባለን።

«ይቺን ጉድጓድ ወንድ ነክታታለች» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ሰደዱና ከቅጠሎቹ መሀል መነጽሬን አወጡ።

አንዷ ሴትዮ ሻርፗን አፏ ውስጥ ወተፈች። አማቴ መነጽሩን በኮባ ቅጠል ጠረግ ጠረግ አደረጉና በሁለት እጃቸው፣ በክብር፣ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተከብሬ አፍሬ አላውቅም።

«የሰው ልጅ ስም አጥፍተሃል» አለችኝ ባለቤቴ ቀስ ብላ፤ በመነጽሩ ስለጠረጠርኳቸው ተማሪዎች ነው።

ዋርሳዬ አልጮኸችም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ጥፋቴን ለመካስ ምክር አመጣሁ፤ ጥፋትና ምክር እኔ ጋ አብረው ነው የሚመጡት። «ላዩን ጠርገን ከሥሩ ካለው ጋር ብንቀላቅለውስ? ክትፎ ቤት እኮ ነው፣ ቅቤ ሲነካው ማን ያውቃል?»

«የሚበላው ሰው ያውቃል» አለችኝ። «አንተ በርገሩ ጥሩ እንዳልሆነ የነገረህ ደንበኛ ነበር?»

«ኧረ ማንም አልነገረኝም።»

«አየህ። ዝም ብለው ነው የሄዱት።»

ይሄ ነገር እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። ስንት ወር «በርገሬ ምን ነበረው?» እያልኩ ስብሰለሰል ኖሬ፣ መልሱን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰጠችኝ።

ባለቤቴ ደግሞ «ሁለተኛውን ጉድጓድ ለሱ ላኪለት፣ ሱቁን ትንሽ ጊዜ ዝጊው» አለቻት። ዋርሳዬ ይሄን አሰበችበት። ከዚያ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት፤ ለክትፎ ቤቱ ሰውዬ ደወለችና ስልኩን ጮክ አድርጋ ከፈተችው።

«ጥሩ ቆጮ የለኝም» አለችው። «አልቋል። የተበላሸውን አልልክልዎትም። ሁለተኛው ጉድጓድ የሱቄ ነው፤ የሱቄ ደንበኞች ከመጀመሪያው የነበሩ ናቸው፣ ልነጥቃቸው አልችልም። ሦስተኛው ሲደርስ እደውልልዎታለሁ። ካልጠበቁኝም አይፈረድብዎትም።»

«ምን አግኝቶት ነው የተበላሸው?» አለ ሰውዬው።

ዞራ አየችኝ። እኔ መነጽሬን ይዤ መሬት አያለሁ።

«ዝናብ ገባበት» አለችው።

ዝናቡ መነጽር አድርጎ እንደነበር አልነገረችውም።

«እሺ» አለ ሰውዬው፤ ስልኩ ተዘጋ። ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

ሰነበተ። ሱቁ አልተዘጋም፣ ቆጮው ሲያልቅ «አልቋል» አለች፣ ሲኖር ሸጠች። ወንድሟ ከአዲስ አበባ እየደወለ «ቦታው ሰው ሊይዘው ነው» ይላታል። ሦስተኛው ጉድጓድ ደረሰ። እንዳለችው ደወለች፤ ሰውዬው አላነሳም። በማግሥቱም ደወለች፣ አላነሳም። ሦስተኛ አልደወለችም። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተደብቄ በግድግዳው ሽንቁር አያታለሁ፤ ሊጡን በቢላዋ ስትከትፍ ድምፁ ከወትሮው ከረር ይላል።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና ምድጃው ሳይሞቅ፣ የሰውዬው መኪና በር ላይ ቆመ። «ስልኬ ጠፍቶብኝ አዲስ ቁጥር ነው የያዝኩት» አለ፤ መነጽር ለጠፋበት ሰው ይሄ ይገባል። ቁጭ ብሎ አዘዘ፣ በላ፣ ከዚያ ተናገረ።

«ካንቺ በኋላ ከሌላ ቦታ አመጣሁ። እነሱ አልቋል አይሉም፤ ምንጊዜም አለ። ግን ደንበኛዬ ክትፎውን እየበላ ቆጮውን ሳህን ላይ መተው ጀመረ። አንድም ሰው ግን ቅር አለኝ ብሎ አልነገረኝም።»

«አይነግሩም» አለች ዋርሳዬ። ወደኔ ግን አላየችም፤ ይሄን ውለታዋን አልረሳም።

ያን ቀን የሦስተኛው ጉድጓድ ቆጮ ከወርቃ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ተጫነ። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ወደኔ ዞሮ፣ በቅን ልቡ፣ «ጋሼ፣ ያ መነጽርዎ ተገኘ?» አለኝ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ በእጁ ያለውን ጥሎ ሳቀ። እሱ ለምን እንደሚስቅ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

አሁን የወርቃ ሴቶች ከቡናው ወቅት ውጭም ሥራ አላቸው። ዋርሳዬ አዲስ አበባ የምትሄደው ዘመድ ልትጠይቅ ብቻ ነው። ሱቁ ጠብቦ ግድግዳውን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ስለገፋችው እኔ ከማሽኔ ጋር ጥግ ላይ ተጣብቄ ነው የምሠራው፤ ተማሪ ማስታወሻውን ኮፒ ሲያደርግ ወረቀቱ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ሸራውን «አዲስ ላሠራልሽ» ብላት እምቢ አለች። «ሰው የሚያውቀኝ በሱ ነው» አለችኝ። ነፋስ ሲመጣ በርገሬ አሁንም ብቅ ይላል።

በቀደም ወርቃ ሄድኩ፤ በዚህኛው እንኳ የማውቀው ሰው ለቅሶ ነበር። ከለቅሶው መልስ አማቴ ጋ ገባሁ። ልቤ ሞቆ ነበርና ሥራውን ላግዝ ብዬ አሰብኩ፤ ጭነቱን ልቆጣጠር፣ ደንበኛ ላነጋግር፣ ጉድጓዱንም ቢሆን ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ልጠብቅ እችላለሁ አልኳቸው። አማቴ ሰምተው እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ትኩሱን ቆጮ ከኮባው ላይ ቆረሱ፣ አይብ አደረጉበት፣ ፊቴ አስቀመጡልኝና እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ አንቺ ደንበኛ ሁኚ። ይቺ ሥራ ደንበኛም ትፈልጋለች።»