የቅበላው ሰርግ በቁንዝላ

ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አጠገብ ካለች ካፌ ቁርሴን ስበላ፣ ሬዲዮኑ ገና ከጦርነት ስለወጣች አንዲት ሩቅ አገር ያወራ ነበር። የውጭው ጦር ጓዙን ጠቅልሎ እየወጣ ነው፤ ክፍለ ሀገሮቹ ታምሰዋል። ተንታኙ «ክፍተቱን ማን ይሞላዋል?» እያለ ይጨነቃል። እኔም እንዲህ ያለ ክፍተት አይቻለሁ። ሳስበው የሚመጣብኝ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስታ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሶቪየት የጦር አማካሪዎች ከባሕር ዳር በወጡ ሰሞን አማጽያኑ ቀርበዋል ተባለ፤ ከጣና ማዶ ወዳለችው ቁንዝላ የሚወስደው መንገድም ተዘጋ። የታላቅ እህቴ የትርንጎ እጮኛ ቁንዝላ አስተማሪ ነበር። እሑድ መጥቶ ሊወስዳት ቀን ተቆርጧል። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሰርግ የለም።

«እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አሉ አባቴ።

«እስከ ፋሲካ ወንዱን ሁሉ ለውትድርና ያፍሱታል፤ ማንን ላገባ ነው?» አለች ትርንጎ። «በጀልባ እሄዳለሁ።»

«ባል ፍለጋ ሄደች ልታሰኚኝ?»

አባቴን ከአማጽያኑ ይልቅ የሚያስፈራቸው ይህ ነበር። መላ ያመጡት አጎቴ መሪጌታ ናቸው። «የክርስትና እናቷ ቁንዝላ አይደለችም? የክርስትና እናት ቤት ቤቷ ነው። ከዚያ ይውሰዳት።»

አባቴ የቅበላውን ሥጋ አላምጠው ዋጡና «ጠጁስ በምን ይጫናል?» አሉ።

ቅዳሜ ንጋት በሞተር ጀልባ ተነሳን፤ ሙሽራ፣ በግ፣ ጠጅ በጀሪካን፣ አጎቴ ከነጥምጥማቸውና ከነልጆቻቸው። ነፋሱ ሲነሳ ውሃው እየገባ በጣሳ እንጨልፍ ነበር። በጉ እግሬ ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደ ደረስን ለሙሽራው መልእክት ላክንለት።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሚዜዎቹን አስከትሎ የክርስትና እናቷ ደጃፍ መጣ። እኔና የአጎቴ ልጆች በሩን ይዘን አናስገባም አልን፤ ወግ ነዋ።

«እናንተ፣ ሐይቅ አሻግራችሁ አምጥታችሁልኝ በር ትዘጉብኛላችሁ?» አለ ከውጭ።

«አንተን ብለን አይደለም የመጣነው፤ የክርስትና እናቷን ልንጠይቅ ነው» አልሁት።

ትርንጎ ከመጋረጃው ኋላ «ጠበቅ አርጋችሁ ያዙት» አለች።

ገፉ፤ ገፋን። በመጨረሻ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ሰርገኛው እላያችን ላይ ወደቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሽራዋ ወጣች።

ከካፌው ስወጣ ደወልሁላት፤ አሁንም ቁንዝላ ከባሏ ጋር ናት። የሰማሁትን ነገርኋት።

«መንገዱስ ክፍት ነው?» አለች።

«የሰው አገር መንገድ ምን ያደርግልሻል?»

«እዚያም ቀን የቆረጠ ሰው አይጠፋም እኮ።»

ተንታኙ ስለ ድንበርና ስለ ሥልጣን ብዙ ብሏል፤ ስለ መንገዱ ግን አንድም ቃል አላነሳም።