ከቃሬዛ ወደ ጋቢና

ሸምሲያ ጃቢር የተወለደችው ፒያሳ ላይ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ ቤተሰቦች ነው። እሷ ግን ልቧ ወደ ሱቁ አላዘነበለም። የሰሜንን ደጋ ምንጮች ከሚያጠና ቡድን ጋር ተቀጥራ፣ ከገደል ገደል እየወጣች ውሃ ትቀዳለች፣ ትመረምራለች። አባቷ ሐጂ ጃቢር "ሴት ልጅ ከዝንጀሮ ጋር ምን አውሎ ያሳድራታል?" እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ ስትወጣ ዱዓ አድርገው ይሸኟታል።

ቡድኑ ከአዲ አርቃይ በላይ ወዳለው ገደላማ አገር ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ወሰደ። መኪና በማይደርስበት፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሰው ቢጎዳ ምን ይደረጋል ነው ነገሩ። ያሠለጠኗቸው ሲስተር ሸዋረጋ ዕድሜያቸውን በድንገተኛ ክፍል የፈጁ፣ ጥርሳቸው በከንቱ የማይታይ ሴት ነበሩ።

"ደም ቢፈስ ታዩታላችሁ፤ እጅ ቢሰበር ታዩታላችሁ። አከርካሪ ግን አይታይም" አሉ። "ገደሉ ያልጨረሰውን ሰው፣ አዝናችሁለት ብድግ ስታደርጉት እናንተ ትጨርሱታላችሁ።"

የቡድኑ ካርታ ሠሪ ኢዮስያስ የአዲ አርቃይ ልጅ ነው። "እኛ አገር የወደቀ ይነሳል፤ ያልተነሳ ይቀበራል" ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ሸምሲያም ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን እህቷን ሰልማን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ፣ አንገት አያያዙን፣ ጀርባ ሳይጣመም ማገላበጡን ስትለማመድ ሰነበተች።

ሥራው ሊገባደድ ሲል፣ ከሸምሲያ ጋር ሁለቱ ብቻ በወጡበት ቀን፣ ኢዮስያስን ከአንድ ምንጭ በላይ እርጥብ ድንጋይ አዳለጠውና ከታች ካለው ድንጋያማ እርከን ላይ በጀርባው ወደቀ። ሸምሲያ ሮጣ ስትደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ወገቤ!" አለ። "አንሺኝ እንጂ ሸምሲ!"

"እንዳትነቃነቅ። የእግር ጣትህን አንቀሳቅስልኝ እስቲ።"

ጫማውን አውልቃ ስታይ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ጣቷን እግሩ ላይ ስታሳርፍም "ይሰማኛል" አለ። አልሐምዱሊላህ ብላ አንገቱን በሁለት እጇ ያዘች።

ጩኸታቸውን ሰምተው የአካባቢው ገበሬዎች ደረሱ። አያ አዳሙ የሚባሉት ሽማግሌ እንጨት አስቆርጠው፣ በገመድ ጠልፈው ቃሬዛ ሠሩ። ሸምሲያ እንዴት እንደሚይዙት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እነሱም እንዳለቻቸው፣ እንደ ግንድ አንድ ላይ አገላብጠው ጫኑት፤ በነጠላዋና በጋቢ አጥብቃ አሰረችው። ቁልቁለቱን ተሸካሚ እየተፈራረቀ፣ እሷ ከራስጌው ሳትለይ ወረዱ። ባረፉ ቁጥር ጣትህን አንቀሳቅስ ትለዋለች፤ ያንቀሳቅሳል። ብርዱና ሕመሙ ሲበረታበት እየቃዠ የእናቱን ስም ይጠራ ጀመር። ጣቶቹ ግን ያን ጊዜም ተንቀሳቀሱ።

አስፋልቱ ዳር የኢዮስያስ ታላቅ ወንድም አምሐ አይሱዙ ይዞ እያለቀሰ ጠበቃቸው። አስቀድሞ የወረደ ጎረምሳ ደውሎለት ከአዲ አርቃይ በርሮ መምጣቱ ነው።

"ከነቃሬዛው ከላይ እንጫነው፤ ጭድ ይነጠፍለት" አለች ሸምሲያ።

"ወንድሜን እንደ እህል ኩንታል ከላይ ልጭነው? ጋቢና ነው የሚገባው!"

"አምሐ፣ በአላህ ይሁንብህ! ከተቀመጠ ወገቡ…"

"ወዲያ በይ! ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ ጠፍረሽ ያሰርሽው አይበቃም?"

ማሰሪያውን በቢላ በጠሰው። ሸምሲያ እጁን ያዘች፤ ገፈተራትና አስፋልቱ ላይ ወደቀች። አያ አዳሙ "ምነው አንተ፣ ልጅቱ የምትለውን ስማት እንጂ!" ቢሉም የሰማቸው የለም። አምሐ ወንድሙን በብብቱ ገብቶ አነሳው፣ ደገፈው፣ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው። ኢዮስያስ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ሸምሲያ ተነስታ በተከፈተው በር እጇን ሰድዳ እግሩን ያዘች።

"ኢዮስያስ፣ ጣትህን!"

አልተንቀሳቀሰም።

ጎንደር ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ አከርካሪው መሰበሩን፣ ነርቩም ክፉኛ መጎዳቱን ተናገረ። ነርቩ መቼ እንደተጎዳ መናገር እንደማይቻልም ጨመረ። ከሐኪሙ ቃል የጎደለውን አምሐ ሞላው። ልጅቱ ሜዳ ላይ አስራ አውላው ደሙ ረጋ፤ ሰው እንዳይረዳው ከለከለች እያለ ለዘመድም ለመሥሪያ ቤቱም አወራ። የቡድኑ ኃላፊ "ነገሩ እስኪበርድ" ብሎ ከመስክ አወጣትና ቢሮ አስቀመጣት። እሷም አፍ አውጥታ የሆነውን ልትናገር ወሰነች።

ለመናገር የሄደችው ጎንደር ውስጥ ለኢዮስያስ ወደተከራዩለት ቤት ነው። ስትገባ አምሐ ተንበርክኮ የወንድሙን የሞቱ እግሮች በለብ ያለ ውሃ ያጥባል። አይሱዙውን ሸጦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አዲ አርቃይ ትቶ መጥቷል። ከስቷል። ቀና ብሎ አላያትም፤ ሳፋውን አንስቶ ወጣ።

"ሸምሲ" አለ ኢዮስያስ። "ጣትህን አንቀሳቅስ ትዪኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ማንቀሳቀስ አለማንቀሳቀሴ ነው የጠፋኝ። አንቀሳቅስ ነበር?"

ከደጅ ውሃው ሲደፋ ይሰማል። ሸምሲያ አፏን ከፈተች። ይህ ሰው እውነቱን ቢያውቅ፣ ነገ ጠዋት የሚያጥቡትን እጆች በምን ዓይን ያያቸዋል?

"አላስታውስም" አለች።

"እንዲያ ከሆነ ወንድሜ የሚለው እውነት ነው" አለ ኢዮስያስ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትደውልለት ስልኩን አያነሳም።