የፍስክ ወይንና የጾም ወይን

አክስቴ ቀይ ወይን ጠጅ ጾም ያስገድፋል ብላ የወሰነችው በእኔ ጥፋት ነው።

አዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ምግብ ቤት ነበራት። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ስድስት ሰዓት ላይ ይደርስና ውሃውን ጠጥቶ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሞጆ ይነሣል። ነጮቹ መንገደኞች ከፉርጎው ሳይወርዱ የቆርቆሮ ሰርዲን ይበላሉ። አክስቴ ያንን ሰርዲን እንደ ደመኛዋ ታየው ነበር። ታዲያ በጥቅምት የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ አንድ ፈረንሳዊ፣ መልእክት ላከ። መጥቶ ምሳ ይበላል፤ ከወደደው ከእንግዲህ መንገደኞቹ እኛ ዘንድ ይበላሉ። አንድ ሣጥን ወይን ጠጅም አብሮ ልኳል፤ ከምግባችሁ ጋር የሚስማማውን ራሳችሁ መርጣችሁ አቅርቡልኝ ይላል።

እኔ አዲስ አበባ ፈረንሳዮች መነኮሳይያት ዘንድ ትምህርቴን ጨርሼ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነበር። ምንጃር ያለው አባቴ ባል አግኝቶልኛል፤ ለጥር ልዳር ነው። ሰውየውን አላውቀውም። የነገሩኝ ነገር ቢኖር በቅሎው ሰጋር መሆኗን ብቻ ነው። አክስቴ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፦ "ፈረንሳዩ ከወደደ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል፣ አልሰጥሽም። ካልወደደ ግን ምን ላድርግሽ? ወጥ እንደሆነ አትሠሪ!"

እንግዲህ ዕጣዬ ሣጥኑ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ከፈትኩትና መነኮሳይያቱ እንዳስተማሩኝ አስረዳኋት። "ቀዩ ከሥጋ ጋር፣ ነጩ ከዓሣ ጋር ነው።"

ጥቂት አሰበች። "ቀዩ የፍስክ፣ ነጩ የጾም ነው በይኛ።"

"እንዲያ አልወጣኝም፣ እትዬ!"

"ሥጋ የፍስክ አይደለም?"

"ነው።"

"ቀዩ ከሥጋ ጋር ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ያስጮህሻል?"

ቀዮቹን ጠርሙሶች ቅቤው ካለበት መደርደሪያ፣ ነጮቹን ከኑግ ዘይቱ ጎን አስቀመጠች። የቡሽ መንቀያው አንድ ብቻ ስለሆነ ከቀዩ ወደ ነጩ ሲሻገር በአመድ ታሽቶ እንዲታጠብ አዘዘች። ወተት የምታመጣልን የአርሲ ሴት "አካም ጂርቱ" ብላ ስትገባ መንቀያውን እየፈተግሁ አገኘችኝ። ነገሩን ስነግራት ቅሏን አስቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች። "ለእኔ ሁለቱም ሐራም ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከስንቱ ጣጣ ዐረፍኩ!"

ሐሙስ ዕለት ዕቃ ቤት ተቀምጬ ወይኑን ሁሉ ከየምግቡ ጋር ቀመስኩ። ከቀዮቹ አንዱ ሲራ ከሚባል የወይን ዘር የተጠመቀ ነው። ቁንዶ በርበሬ የነሰነሱበት ይመስላል። ከቋንጣ ፍርፍር ጋር እንደ አብሮ አደግ ተግባቡ። ከምስር ወጥ ጋር ደግሞ የበለጠ ገረመኝ፤ የበርበሬውን እሳት ያዝ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላው ቀይ ከሽሮ ጋር ምላስ ላይ እንደ ቆዳ ድርቅ ይላል። ነጩ ከሱፍ ፍትፍት ጋር ጥሩ ነው፣ ቀዝቃዛ ለቀዝቃዛ። ምስር ሲያገኝ ግን ጣዕሙ ብን ብሎ ይጠፋል፤ የሚቀረው የኮመጠጠ ውሃ ነው። በመጨረሻ ከጎመን ጋር ልሞክር ብዬ ስነሣ ግድግዳው አብሮኝ ተነሣ።

በማግስቱ የቁርጥ ቀኑ መልእክት መጣ፤ ሰውየው የሚመጣው የሚቀጥለው ዓርብ ነው።

"ዓርብ በቤቴ ሥጋ አይሸትም" አለች አክስቴ። "የፈረንሳይ ንጉሥ ቢመጣም።"

"ንጉሥ የላቸውም።"

"ለዚህ ነዋ!"

ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት ይቀርባል ተባለ፤ መጠጡ ነጩ ብቻ። ነጩ ከምስር ጋር ማለት ደግሞ እኔ በበቅሎ ምንጃር ማለት ነው። ቅዳሜ ሮጬ የአክስቴ ነፍስ አባት ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸው ካሏት አትወጣም። አንድ ቀይና አንድ ነጭ ጠርሙስ በነጠላዬ ሸሽጌ ነበር የሄድኩት። አባ ከቀዩ ቀመሱ፣ ከነጩ ቀመሱ። እርግጠኛ ለመሆን ወደ ቀዩ ተመለሱ።

"ወይን ዛፍ ነው" አሉ። "ዛፍ ቅባት የለውም። ሁለቱም የጾም ናቸው።"

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጨመሩበት፦ "ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንጂ ታዲያ። ዓርብ አይደለም?"

ምነው ባልጠየቅሁ! አክስቴ ይህን ስትሰማ ጠርሙሶቹን ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ከትታ ቆለፈችባቸው። "ለመንገደኛ እህል ይፈቀድለታል። ወይን ግን ስንቅ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ይጠጣ።"

"ባቡሩ በሰባት ይሄዳል እኮ!"

"ይሂድ። ሰዓቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ?"

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ጺሙ የተበጠረ፣ ወፍራም ሰው። ምስሩን ጎረሰ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ብርጭቆውን አየ፤ ባዶ ነው። እኔን አየኝ። አንድ ሺህ ውሸት መጣልኝ፤ በፈረንሳይኛ መዋሸት ግን መነኮሳይያቱ አላስተማሩኝም። "ሙሴ፣ ዓርብ ስለሆነ ሥጋ የለም። ወይኑም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቆልፎበታል። የቆለፈችው አክስቴ ናት" አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። አበቃልኝ አልኩ።

"እናቴ ዓርብ ሥጋ አታበላንም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ከጅቡቲ እስከዚህ ግን የረገጥኩት ቤት ሁሉ ዓርብ ፍየል ነው የሚያቀርብልኝ። እጠብቃለሁ።"

ወጣና የባቡሩን መንኮራኩር በዱላው ሁለቴ መታ። ይህ መንኮራኩር ድምፁ አላማረኝም፣ ይመርመር ብሎ አዘዘ። ባቡሩ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ መንገደኞቹም ምን ያድርጉ፣ ወርደው ምስር በሉ። ሰርዲን የከፈተ አንድም አልነበረም።

አባ ከቅዳሴ ሲመጡ ፈረንሳዩ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል። አባ ሰዓቱን አላዩትም፤ ግቢው መካከል ቆመው ጥላቸውን በእግራቸው ሰፈሩ። "ዘጠኝ ሞልቷል" አሉ። ፈረንሳዩ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ እሱም ከአባ ጎን ቆመና የራሱን ጥላ በቡትስ ጫማው ለካ። ስንት እግር እንደሆነለት እንጃ፣ ብቻ ሰዓቱን ዘወር አድርጎ አስተካከለ።

አክስቴ ሣጥኑን ከፈተች፤ ሲራውን ቀዳሁለት። ምስር ጎረሰ፣ ጠጣ። ደግሞ ጎረሰ። "ማን ነው የመረጠው?"

"እኔ።"

ከሰኞ ጀምሮ መንገደኞቹ የእኛ ናቸው አለ፤ ዓርብና ረቡዕ ባቡሩ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ሳይመልስ ተሳፈረ።

በነጋታው አክስቴ ብዕርና ወረቀት አስያዘችኝ። መጻፍ ስለማትችል ለአባቴ የሚላከውን ደብዳቤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ልጅህ መጠጥ በመምረጥ አገር የታወቀች ስለሆነች፣ ነጩም ፈረንሳይ እሷ ያልቀመሰችውን አልጠጣም ስላለ፣ ለጥር ልልካት አልችልም። ደኅና ናት፤ ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ብቻ ትንሽ ወድቃ ነበር።"

"እትዬ፣ እንዲሁ ልጻፈው?"

"እንዴት ልትጽፊው ነበር? እውነት አይደል?"

አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩት። ደብዳቤው ምንጃር ገበያ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ አሉ፤ ባለበቅሎውም በዚያው ሰሞን ሌላ ቤት ሽማግሌ ላከ።