የአንጓች ክንድ

ሰሞኑን ወረታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የዕጩ መምህራንን ፈተና ሳርም፣ «አንድ ልጅ ለትምህርት መድረሱን በምን እናውቃለን?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ «ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ» ብሎ መልሶ አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው እንስቅበት ነበር። ያን ዕለት ግን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበትና የቀሩትን ወረቀቶች ማረም አቃተኝ።

እኛ ልጆች ሳለን የልጅ ዕድገት ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ያ ብቻ ነበር። የፎገራ እናት ልጇን የወለደችበትን ጊዜ ስትጠየቅ «ርብ ሞልቶ ጎተራችንን የወሰደ ዓመት» ትላለች፤ ርብ ወንዝ ደግሞ ሞልቶ አንድ ነገር ሳይወስድ የቀረበት ዓመት የለም። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ መዝጋቢው መምህር ከዋርካው ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ዕድሜያችንን በክንዳችን ይለኩት ነበር። ጣቱ ጆሮውን የነካ ተማሪ ሆነ፤ ያልነካው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በአንድ ዓመት የምትከተለኝ እህቴ አንጓች ከመመዝገባችን በፊት በነበረው ክረምት ክንዷን ለማስረዘም ያልሆነችው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከጓሯችን ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ እጇ ትንጠለጠላለች፣ ቅቤ ቆዳን ካለሰለሰ ክንድንም ሳይስብ አይቀርም ብላ ከእምዬ ቅል እየሰረቀች ብብቷን ትቀባለች፣ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲከተላት ይውላል። እምዬ ደግሞ ያላት ደብተር አንድ ብቻ ስለነበር «ሁለታችሁም ከገባችሁ ከመሐል ቀድጄ አካፍላችኋለሁ» ብላን ነበር። እኔ ሙሉውን ፈለግሁት።

የምዝገባው ቀን የእኔ ጣት ጆሮዬን አልፋ ሄደች፤ ስሜ ተጻፈና ከመምህሩ ወንበር አጠገብ ቆምኩ። የአንጓች ተራ ደረሰ። ትንፋሿን ይዛ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈች፣ አንገቷንም ሳይታወቅባት ትንሽ ዘንበል አደረገችና ጣቷ ጆሮዋን ነካ። መምህሩ ሊጽፏት ብዕራቸውን ሲያነሱ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንገቷን አዘንብላ እኮ ነው» ብዬ አንሾካሾክሁላቸው። አገጯን ይዘው ቀጥ አደረጓት። ጆሮዋን ለመንካት አንድ ጣት ያህል ጎደላት። «ለከርሞ ነይ፣ የኔ ልጅ» አሏት። ደብተሩ ሳይቀደድ ለእኔ ሆነ። ልጅ ምቀኝነት አያውቅም የሚሉ ሰዎች ልጅነታቸውን የረሱ ናቸው።

በከርሞው አባታችን ማሳውን ሩዝ ዘራበት። ሩዝ ሲያፈራ ከወፍ የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ አንጓችም ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ወጣች። ክንዷ እዚያው አደገ፣ ጆሮዋን አልፎ ትከሻዋ ደረሰ፤ የሚለካት ግን አልነበረም። በዓመት በዓመቱ «ለከርሞ» እየተባለ ቆይቶ በመጨረሻ ባል መጣላት።

እኔ ተምሬ ተምሬ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ የማስተምር ሰው ሆንኩ። በገበያ ቀን ወረታ ስትመጣ እኔ ቤት ታርፋለች፤ ለጎረቤቶቼ «ወንድሜ እኮ የመምህራን መምህር ነው» እያለች ትኮራብኛለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያን ፈተና ያረምኩ ሳምንት ግን ሆዴ አልችል አለኝ፤ ከገበያ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ፣ ያን ቀን ያሳበቅሁባት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«አይቼህ ነበር እኮ» አለችኝ።

«አይተሽኝ? ታዲያ ለእምዬ ለምን አልነገርሻትም?»

«ትገርፍህ ነበራ። ተማሪ ቤት በገባህ በመጀመሪያው ቀን ተገርፈህ፣ እያለቀስህ እንዴት ትሂድ?»

ይህን ብላ ጫማዋን አውልቃ የደከመ እግሯን ማሸት ጀመረች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቢበዛ ስድስት ዓመቷ ነው። የማስተምርበት መጽሐፍ፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ነገርን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ገና አይችልም ይላል። ከሁለታችን መምህር መሆን የነበረባት እሷ ነበረች፤ የፎገራ ልጆች ግን እሷን አላገኙም፣ ያገኙት እኔንና እኔ ያስተማርኳቸውን ነው። ሰኞ ክፍል ገብቼ ያንኑ ገጽ አስተማርኩ፤ ዕጩዎቹም አጎንብሰው ጻፉት።