በቆርኪ የቀረበ ሩዝ

ልጅ እያለሁ ወረታ ውስጥ ጭቃ ያልነካ የልጅ እጅ አልነበረም። ክረምት የፎገራን ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ ጓደኞቼ ከጥቁሩ አፈር በሬና ድስት ይሠሩ ነበር። እኔ የምሠራው ምግብ ነበር። «ጥቁር እንቁላል!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ፣ አክስቴ ከአዲስ አበባ ባለቀለም የፕላስቲክ ጭቃ አመጣችልኝ። እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ሲጋገር ይጠነክራል፤ ሽታው የአዲስ ላጲስ ነው። ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ውድድር ሊያደርግ ነበርና፣ ሩዝ በዓሣ ለመሥራት ቆረጥኩ። እያንዳንዷን የሩዝ ፍሬ በጣቶቼ አሽቼ፣ በመርፌ ጫፍ እያነሳሁ ቆርኪ ላይ ደረደርኩ። የዓሣውን ቅርፊት በጥፍሬ አወጣሁ።

ቤታችን መጋገሪያ ስላልነበረ ወደ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ እትዬ ጥሩነሽ ቁጡ ነበሩ።

«ፕላስቲክ ከዳቦዬ ጋር? አይደረግም!» አሉ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ግን ለዘብ አሉና፣ «በይ ዳቦው ከወጣ በኋላ ነይ» አሉኝ።

ዳቦው ሲወጣ ተመልሼ ከተትኩት፤ እሳቱ ግን ገና አልበረደም ነበር። ሩዙም ዓሣውም ከሰለ፤ ጭሱ ዳቦ ቤቱን ሞላው። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አታልቅሺ፤ የእኔም የመጀመሪያ ዳቦ ድንጋይ ነበር። በቀረሽ ሥሪ» አሉኝ።

የቀረኝ ጥቂት ነበር። እንደገና ሠራሁ። በሁለተኛው ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው በረጅሙ የዳቦ አካፋ ይዘውት፣ ከምድጃው አፍ ሳይርቁ ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆሙልኝ። ሲወጣ ሩዙ ነጭ፣ ዓሣው ወርቃማ ነበር።

በውድድሩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምግብ በቆርኪ? በእህል ይቀለዳል እንዴ? አንሺው!»

ቆርኪውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁና፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይንኩት» አልኩ።

በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ጠጠር ቋ አለ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ደግመው ነኩት፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ተማሪው ሁሉ ተንጋግቶ ከበበኝ። ከነዚያ ጥቁር እንቁላል ባዮች አንዷ፣ «እኔንም አስተምሪኝ» አለችኝ። አንደኛ ወጣሁ።

እየሮጥኩ ዳቦ ቤት ገባሁና ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ ዱቄት በነካው እጃቸው አቅፈውኝ፣ ገበያተኛው መሐል እልልታቸውን አቀለጡት።

ዛሬ ባሕር ዳር ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለችኝ። ሙቀቱን በቁጥር አስተካክላለሁ፤ የሚከስልብኝ የለም። ጥፍር የምታህል የሽሮ ድስት፣ ምስር የምታህል ሎሚ ሠርቼ ላዘዘኝ ሰው አደርሳለሁ። ግን በጣም ያማረ ሲወጣልኝ የሚያቅፈኝ የለምና፣ የቤቴን በር ገርበብ አድርጌ እልል የምለው ብቻዬን ነው።