በሽማግሌው ቀንቼ ነበር

የጸጥታ ሰዎች የያዙኝ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። መምህር ነበርኩ፤ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ደርሷቸው ነበር። ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል፤ ግድግዳው አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል።

አጠገቤ የሚተኙት የቀየት አካባቢ ገበሬ ነበሩ። የሚፈለገው ልጃቸው ስለ ተሰወረ በእሱ ፈንታ የተያዙ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ታመው ተኝተዋል፤ ገብሳቸው አልታጨደም። እሳቸው ግን ጠዋትና ማታ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ፤ ከዚያ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ለጥ ይላሉ። የእኔ ዓይን አይከደንም። ቀናሁባቸው። በባናቸው አይደለም፣ በሰላማቸው። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ነኝ፤ ለእሳቸው የተሰጠው ለእኔ ለምን ተነፈገ?

አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«አባቴ፣ እርስዎን ምንም አያስጨንቅዎትም?»

«እንዴት አያስጨንቀኝ ልጄ! ሸክሙማ እንዳለ ነው። ብቻዬን አልሸከመውም እንጂ።»

መልሳቸው ይበልጥ አናደደኝ። ሳወራው አሁንም አፍራለሁ፤ ሲሰበሩ ለማየት ተመኘሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስንቅ ያመጣላቸው ጎረቤታቸው በበሩ ሽንቁር በኩል የባለቤታቸውን መርዶ ነገራቸው። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። «ምነው ጌታዬ! ምነው ሳልቀብራት!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እንደ ማንኛችንም አለቀሱ። የተመኘሁትን አየሁ፤ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ደግፈኝ። ቆሜ ልሸኛት።»

ብብታቸው ስር ገብቼ አነሣኋቸው። ባናቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ አባታችን ሆይን ጀመሩ። «ፈቃድህ ትሁን» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። እኔ ቀጠልኩላቸው። እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቅኳቸውም።

ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ገብሱን ጎረቤቶች አጭደው እንደ ጠበቋቸው በኋላ ሰማሁ።

አሁን ነገር ሲከብደኝ እጸልያለሁ። እንቅልፉ ሁልጊዜ አይመጣም፤ ቅናቱም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ብቻ ያቺን ቅዳሜ ሳስብ «ለእኔ ለምን ተነፈገ?» ማለቴን እተዋለሁ። እግዚአብሔር ሊያግዛቸው የላከው የሚቀናባቸውን ሰው ነበር።