የማማ ክረሴንሲያ አሻራ

በእኛ መንደር፣ በአዶናራ ደሴት፣ ሳይሰበር የወጣ የካሹ ፍሬ ሲፈለግ የሚጠራው የማማ ክረሴንሲያ ስም ነው። ሥራውን በአሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምረው ዛሬ ሃምሳ ሦስት ሞልቷቸዋል። የካሹ ቅርፊት የሚያቃጥል ዘይት አለው። ጣታችንን አመድ ውስጥ እየነከርን ብንሠራም ዘይቱ መግባቱ አይቀርም። የእሳቸው ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሮ፣ ተልጦ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኗል።

አሥራ አንድ ሆነን በእሳቸው በረንዳ ላይ ቅርፊቱን በመቁረጫ እየሰነጠቅን እንፈለፍላለን። አለቃችንም እሳቸው ናቸው። አምና ከጀርመን የመጣ እንግዳ ጓንት ሲያድለን ማማ ክረሴንሲያ «ልጄ፣ በጓንት በቀን አራት ኪሎ፣ ያለ ጓንት ዘጠኝ ኪሎ። የሚከፈለን በኪሎ ነው። እስኪ አንተ አጥልቀህ ሞክረው!» አሉት። እንግዳው ስቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከስድስት ወር በኋላ ሃምቡርግ ላይ ገዢዎችና ሠራተኞች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ እንዲናገሩ የጥሪ ደብዳቤ መጣላቸው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱ እኔ ላይ ወደቀ። ልጄን ኤልፍሪዳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እሷ ስልኩን ስትነካካ እኔ መልሼ ሳስተካክል፣ የጥሪውን ደብዳቤ፣ የጋባዦቹን የወጪ ማረጋገጫ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የመንደሩን ሹም ደብዳቤ አሟላሁ። ፓስፖርቱን ማውሜሬ ከተማ አወጣን። እዚያም የአሻራ ማሽኑ ጣታቸውን እምቢ ብሎ ነበር። ሠራተኛው ግን እጃቸውን አይቶ «እናቴም ካሹ ፈልፋይ ነበረች» አለና እየደጋገመ፣ እየጠራረገ፣ አሻራቸውን እንደምንም አነሳው።

ቪዛው የሚጠየቀው ባሊ ነው። በጀልባ፣ በአውቶቡስ፣ በአውሮፕላን ሄድን። የዚያ ቢሮ ማሽን የማንንም እናት አያውቅም። አሥሩንም ጣት አስቀመጡ፤ አሥር ጊዜ ቀይ በራ።

«ይቅርታ እናቴ» አለች ማሽኑ ጋ የተቀመጠችው ልጅ፣ «ቆዳዎ ቆስሏል። ሲድን ተመልሰው ይምጡ።»

«እኔ ራሴ እኮ ፊትሽ ቁጭ ብያለሁ! ከእኔ ይልቅ ጣቴን ነው የምታምኑት?»

ልጅቷ ቀና ብላም አላየችን። ያለ አሻራ ማመልከቻውን መቀበል እንደማትችል፣ ከሃያ አምስት ቀን ካለፈ ደግሞ ቪዛው ለጉባኤው እንደማይደርስ ነገረችን። በጀልባ ወደ መንደራችን ተመለስን።

በረንዳው ላይ ስንደርስ ፍርዱን የሰጡት አብረውን የሚፈለፍሉት ማማ ቤርጊታ ናቸው። ከማማ ክረሴንሲያ ጋር አብረው ያደጉ ስለሆኑ አይፈሯቸውም።

«ስሚ ክረሴንሲያ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ካሹ ብትነኪ መቁረጫሽን ባሕር ነው የምጥለው!»

«ድርሻዬንስ ማን ይሠራል?»

«እኛ ምን ሆነን? ሞተናል?»

በቃ፣ አሥራችን ተካፈልነው። ሳሙናም ቆዳ ይጎዳል ተባለና ዕቃ ማጠቡ ለባለቤታቸው ለባፓ ሮፊኑስ ሆነ። ምንጩ ጋ ድስት ሲፈትጉ አንድ ጎረቤት አይቷቸው «ሮፊኑስ፣ ቀሚስህን የት ጣልከው?» አላቸው።

«የእኔዋ ጀርመን ልትሄድ ነው» አሉት ቀና ሳይሉ። «ያንተዋስ የት ልትሄድ ነው?»

ጠዋትና ማታ የኮኮናት ዘይት የምቀባቸው እኔ ነበርኩ። አርባ ዓመት ሥራ ፈትተው የማያውቁ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲውሉ ማየት ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። «ኧረ እንዲህ አይያዝም! ኧረ ቀስ!» እያሉ ሲያዙን ይውላሉ። በሳምንቱ አውራ ጣታቸው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ። ኤልፍሪዳን ጠርተው «ነይ እይ፣ አያትሽ እንደ አዲስ እየተወለደች ነው» አሏት።

በአሥራ አራተኛው ቀን ዘይቱን ይዤ ስሄድ በረንዳው ላይ አጣኋቸው። ከጓሮ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል የመቁረጫ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይፈለፍላሉ።

«ማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እሽሽ! ቤርጊታ ትሰማለች።»

«ፌስታሉ ተቀዷል እኮ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? የእናንተ ግማሹ ስብርባሪ ነው። ገዢው ሲመልሰው ማን ፊቱ ሊቆም ነው? አንቺ?»

ፌስታሉን ስፈታው የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች ውሃ ቋጥረዋል። ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ። እሳቸው ጣታቸውንም እኔንም አዩና መቁረጫውን ሰጡኝ። «ውሰጂው። የት እንዳኖርሽው እንዳትነግሪኝ።»

የኤልፍሪዳ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ደበቅኩት። ለማማ ቤርጊታም አልተናገርኩም።

በሃያ አምስተኛው ቀን ባሊ፣ ያችው ልጅ፣ ያው ማሽን። የግራ እጃቸው አምስቱም አረንጓዴ በራ። ከቀኙ ሁለቱ እሺ አሉ፤ ሦስቱ እምቢ። ልጅቷ አለቃዋን ጠራች። ሰውየው እጃቸውን ገልበጥ አድርጎ አየና ይህ በሥራ ብዛት የመጣ እንደሆነ ጠየቀ።

«ሌላውስ በሥራ ነው» አሉ ማማ ክረሴንሲያ፣ «ሦስቱ በራሴ ጥፋት ነው።»

ሰውየው ሳቀ። ሰባቱ ይበቃል፣ ለቀሩት ምክንያቱ ይጻፍ አለ። ልጅቷም በዚህ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። «እናቴ፣ እዚያ ሲገቡም ድንበር ላይ ጣትዎን ያያሉ። እስኪገቡ ድረስ እንዲሁ ይጠብቁት።»

ስለዚህ ቪዛው ከመጣም በኋላ እስከ መሄጃቸው ድረስ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዋለ። ለብርዱ ሹራብ የሰጠቻቸው የመንደሩ አስተማሪ ናት። የጥሪውን ደብዳቤና የማረፊያውን አድራሻ በእጅ ቦርሳቸው አድርጌ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨምሩት አስምዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እዚያ ገና ጠዋት ነው። አሥራችንም መቁረጫችንን አቆምን።

«ገቡ?» አልኩ።

«ገባሁ! የድንበሩ ፖሊስ ለምን መጣሽ አለኝ፣ ደብዳቤውን ሰጠሁት። የት ታርፊያለሽ አለኝ፣ አድራሻውን ሰጠሁት። ከዚያ የግራ እጄን አራት ጣት መስተዋቱ ላይ... አለፍኩ።»

በረንዳው በእልልታ ተናጋ። ጩኸቱ ሲበርድ ግን የማማ ክረሴንሲያ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ጨነቀኝ። ነገ ነው የምናገረው። ይህ ሥራ እጃችንን እንዲህ አደረገው ልላቸው ነው የመጣሁት። አሁን እጄን ሳየው የአስተማሪ እጅ ሆኗል። ማን ያምነኛል?»

 እኔ የራሴን ጣት አየሁ። ከዚያ «ምንጣፉን አንጥፉ» አልኩ።

«እጃችንን እንታጠብ ይሆን?» አሉ ማማ ቤርጊታ።

«እንዳትታጠቡ!»

እጃችን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ተደረደረ። የእኔን አንዱን አስቀመጥኩ፣ በሌላው ፎቶ አነሳሁ፤ ስለዚህ ከሃያው እጅ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚታየው። በረንዳው ላይ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ፎቶ አያልፍም። ኤልፍሪዳን አዝዬ እስከ ጸሎት ቤቱ ኮረብታ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ፣ በሦስተኛው ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ መልሳቸው መጣ፦ «የቤርጊታን አውራ ጣት አወቅሁት። ነገ ከእሷ እጀምራለሁ።»